ለእሳት የተሰጠኝ ቁልፍ

ባለፈው ማክሰኞ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ይወፍራል። አንዲት ረዘም ያለች ሴት ከፊት ተመልሳ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ የሺ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይምጡ፣ ከፊቴ ይግቡ» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ቦታ ሲለቁ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው፤ ይህችኛዋ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «አላወቅሁሽም ልጄ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም» አልኳት። ሳቀች። «ሚሚ ነኝ፣ የብርቄ ልጅ። ከበር ስር ዳቦ ያቀብሏት የነበረችው» አለች። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዘኝ። ከዚያ ሰፈር ከለቀቅሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ልጅቷን መጨረሻ ያየኋት ደብተር ታቅፋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ሂሳቤን ከፈለችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ለካ የሰፈራችንን የሕፃናት መዋያ አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። «ቅዳሜ የመዋያው የምሥረታ በዓል ነው» አለችኝ። «እድሮቹ ይመጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ትመጣለች፣ የጤና ጣቢያ ሰዎችም አሉ። አጀማመሩን የሚነግረን ሰው ግን አጣን። አቶ መንገሻ አረፉ፣ ጋሽ ቶላም አረፉ፣ እህት ሩት ልጆቿ ጋ ሐዋሳ ገባች። እማዬ እንደሆነች ያ ጊዜ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። እርስዎ ይንገሩን።» እኔም ነገሩን ላስረሳት ብዬ፣ «አንቺስ ምን ትዝ ይልሻል?» አልኳት። «ብዙም አይደለም። ቤታችን መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን የሚገባው ከበሩ ስር ነበር። ብርሃኑ ድንገት ሲጠፋ የእርስዎ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሲጨልም ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ፣ እየሳቀች። «ወራጅ አለ» ማለቱ ጠፍቶብኝ አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼም ነጠላዬን ሳላወልቅ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ከፈትኩና፣ ከክሮቹ ስር አንዲት የዛገች የጓጉንቸር ቁልፍ አወጣሁ። ይህችን ቁልፍ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ያኔ ኮልፌ ከአጠና ተራ ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ጭቃና ቆርቆሮ ነበረች። ክረምት ሲገባ ቦቲ ጫማ ያለው ሰው እንደ ሹም ይታያል። ከኮልፌ ጦር ኃይሎች በውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር። ውይይት የተባለው ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ስሙን ያወጣው ሰው ኮልፌዎችን አይቶ ነው ባይ ነኝ፤ ሳንተዋወቅ ተሳፍረን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን ነው የምንወርደው። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ ዝም። ወንዱ ተርጋል ሱሪ ይለብሳል፤ ሴቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያልገባበት ቀሚስ ለብሶ ሠርግ መሄድ ነውር ይመስለዋል። ስንት ስፖንጅ ቆርጬ ሰፍቻለሁ! ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ በእግር የሚረገጥ መኪና በሬ አጠገብ ዘርግቼ ስሰፋ እውላለሁ። ከማዶ ያለው ሻይ ቤት የነበረው ካሴት አንድ ነው፤ ጠዋት የከፈተውን ማታ ይዘጋል። የቴፑ ድንጋይ እየደከመ ሲሄድ ከሰዓት በኋላ የዘፋኟ ድምፅ የወንድ ይሆናል። እኔም እሱን እየሰማሁ ሰዓት እገምት ነበር።

ብርቄ ጎረቤቴ ነበረች፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በልጅነቷ ከጎጃም መጥታ፣ ባል የተባለውም ልጁን ሳያይ ጠፍቶባት፣ አጠና ተራ ለነጋዴዎች የባሕር ዛፍ እየላጠች ትኖራለች። ማታ ስትመጣ ከሷ ቀድሞ የባሕር ዛፉ ሽታ ይደርሳል። ሚሚ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የሚይዝላት ዘመድ የለ፣ ሠራተኛ መቅጠር የማይታሰብ። ስለዚህ ጠዋት ውሃና ምግብ አስቀምጣላት፣ በሩን በጓጉንቸር ቆልፋ ትሄዳለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በዚያ ጊዜ በሰፈራችን ስንቱ ቤት ነበር ውጭው ተቆልፎ ውስጡ የሚያለቅስ። አንድ ጠዋት ታዲያ ብርቄ በሬ ላይ መጣችና ሁለተኛውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ለእሳት ነው» አለችኝ። «እሳት ካልተነሳ እንዳትከፍቺ የሺ። አንዴ ደጅ ከወጣች በነጋታው አትገባልኝም፤ ወንዙም ቅርብ ነው። በማርያም ይሁንብሽ።» እኔም በማርያም ብዬ ተቀበልኳት፤ ቁልፉንም በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ልጅቷ ጠዋት ታለቅሳለች፣ ረፋዱ ላይ ዝም ትላለች፣ ከሰዓት በኋላ ለራሷ ታወራለች። ሁሉንም በግድግዳው እሰማለሁ። እኩለ ቀን ላይ ከዳቦዬ ቆርሼ እሄድና ጎንበስ ብዬ፣ በቆርቆሮው በርና በመሬቱ መካከል ባለው ክፍተት አቀብላታለሁ። ትንሿ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግታ ትወጣለች፣ ዳቦውን ትይዛለች፣ ትገባለች። ይህን ያደረግሁት ለወራት ነው፤ ራሴንም ደግ አድርጌ እቆጥር ነበር። ቁልፉ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነበር! የማርያም ስም ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ። ከፈትኩ ማለት ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ሆነች ማለት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል፣ መኪና እየረገጥኩ እግሬ ስር የምትገባ ልጅ አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም፤ ይኸው ነው።

አንድ የክረምት ቀን መዳፏ አልወጣችም። ዳቦውን አስገባሁ፣ ባለበት ቀረ። «ሚሚ» ብዬ ጠራሁ፣ ዝም። ተኝታ ይሆናል ብዬ ተመለስኩና አንድ እጅጌ ሰፋሁ። ያችን እጅጌ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ ሰማያዊ ነች። እጅጌዋን ጨርሼ ዳግም ሄድኩ። ዳቦው እዚያው ነው። የነጠላዬን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ ሰውነቷ ይፋጃል፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል። ጮኽኩ። ጋሽ ቶላ፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ ገባና በጋቢው ጠቅልሎ ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጠ። ነርሷ መርፌዋን ስታዘጋጅ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ልጅቷ ዳነች። ጩኸቱን ሰምተው የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ጓጉንቸሩን ጋሽ ቶላ ሰብሮ የገባ መሰላቸው፤ እኔም መስሏቸው እንዲቀር ተውኩት።

የሚቀጥለው እሁድ የእድር ስብሰባ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም የእድሩ ዳኛ የአቶ መንገሻ ግቢ ተቀመጥን። ብርቄ ጥግ ላይ ነች፤ እኔ አጠገቧ። ሰው አልማራትም። «ምን ዓይነት እናት ናት? ውሻ እንኳ ቡችላዋን አትቆልፍም!» አለች አንዷ። «ልጅ የወለደ ጨክኖ ይቆልፋል?» አለ ሌላው። ብርቄ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለችና የነጠላዬን ጫፍ አየች፤ ከዚያ አቀረቀረች። ቁልፉ እዚያው ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን የዚያን ቀን ሌላ ሰው ከሰሰ። እና ቁልፌን ማውጣት ያቃተኝ ሴትዮ ምን አደረግሁ? ተነስቼ ቆምኩና፣ «ከመውቀስ ልጆቹ የሚውሉበት ቦታ እናብጅ! እድሩ ለሞተ ሰው ይህን ያህል ካሰበ ለሕያው ልጅ ቢያስብ ምን ይለዋል?» ብዬ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። ጎበዝ የተባልኩት ያን ቀን ነው፤ ጉብዝናው ግን የተወለደው ከሐፍረት ነበር።

ነገሩ ከአፍ እንደወጣ አልቀለለም። የሴቶች እድራችን እጅ አለው፣ ቤት የለውም። አቶ መንገሻ የሚዳኘው የአባወራዎቹ እድር አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፣ ቤት የለውም። ቤት ያላቸው ታች ወንዙ ዳር ያሉት ጴንጤዎች ናቸው፤ ደርግ ወድቆ በግልጽ መሰብሰብ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም፣ አዳራሻቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን ይውላል። ይህን ባነሳ አቶ መንገሻ ከወንበሩ ተነሳ። «ጴንጤ አዳራሽ? ልጆቻችንን ጴንጤ አድርገው ሊያስቀሩብን?» አለ። «ድስቱንም አትጠይቂኝ። የእድር ድስት የለቅሶ ድስት ነው። በለቅሶ ድስት ለሕያው ልጅ ማብሰል ሟርት ነው!» ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዝናብ ቆሞ ስንቱን ድሃ በወጉ አስቀብሯል። ሞትን ነበር የለመደው።

እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ታች ወረድኩ። የአዳራሹ በር ላይ ስደርስ ሳላስበው አማተብኩ። እህት ሩት የምትባል የመዝሙር መሪያቸው አየችኝና ሳቀች። «እኛም የምንጠራው እሱኑ ነው እትዬ፣ ይግቡ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተነጋገርን። አዳራሹ የነሱ፣ ሴቶቻችን ከሴቶቻቸው ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ሊውሉ፣ ነርሷ በወር አንድ ቀን መጥታ ልጆቹን ልትመዝን፣ ሃይማኖት የሚባል ነገር ደግሞ በልጆቹ ፊት ላይነሳ ተስማማን። የአጠና ተራ ነጋዴዎች ለአጥር የሚሆን አጠና ሰጡ። እኔ ያስቀመጥኩት ግዴታ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን በሩ አይቆለፍም። ልጆቹ እንዳይወጡ ዝቅ ያለ አጥር ይሠራ፣ ቁልፍ ግን አይኑር። «የሺ ቁልፍ ትፈራለች» ብለው ተሳለቁብኝ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የተመዘገቡት ልጆች አራት ብቻ ሆኑ፤ እናቶቹ ወይ አልሰሙም፣ ወይ አዳራሹን ፈሩ። ጨነቀኝና ጋሽ ቶላ ዘንድ ሄድኩ። «ነገ ጡሩምባህን ንፋልን» አልኩት። እሱ ጡሩምባውን ይዞ በየመንደሩ ሲዞር ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከቀብር በቀር አንድም ነገር ለፍፎ አያውቅም። አሰበና፣ «የማን ብዬ ልጀምር?» አለኝ። «ጡሩምባ ያለ ስም አይሆንም። ሰው ስም ካልሰማ ከቤቱ አይወጣም።» እኔም እየቸኮልኩ ነበርና፣ «የብርቄ ልጅ በል፤ መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት» አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በነጋታው ብርቄ ሚሚን አዳራሹ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ወጣች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጡሩምባው ከላይ ተሰማ። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የብርቄ ልጅ…» ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ታችኛው አዳራሽ ትውላለች፣ ልጆቻችሁን አምጡ ሊል ነበር እኮ! ልጅቷ በሞት አፋፍ መክረሟን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከመጀመሪያው ቤት ጩኸት ተነሳ፣ ሁለተኛው ተቀበለ፤ ጠዋት ብርቄ ልጅቷን ይዛ ወደ አዳራሹ ስትወርድ ያዩ ስለነበሩ ሰው ሁሉ ወደዚያው ወረደ። እኔና እህት ሩት አራቱን ልጆች ይዘን ዋይታው ቁልቁል ሲመጣ እንሰማለን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፣ ወንዶቹ አግዳሚ ተሸክመዋል። ከፊት አቶ መንገሻ ድንኳኑን በትከሻው ይዞ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ያን ትልቅ ድስት ከነክዳኑ አንጠልጥለዋል። ሰው በሐዘን የምንወድቅ መስሎት ወገባችንን ይዞን እንጂ ሮጠን ባስረዳን ነበር፤ ማንም አይሰማም።

ከዚያ ብርቄ መጣች። ከአጠና ተራ ድረስ ሮጣለች፤ ፀጉሯ ላይ ልጣጭ አለ፣ ቢላዋውን እንኳ አልጣለችውም። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። አዲሱን የአጠና አጥር ተደግፋ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ግማሽ ዳቦ የያዘች ሚሚ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ ቆይታ ነበር። «እማዬ፣ ማን ሞተ?» አለቻት። ብርቄ ቢላዋውን ጣለችና በአጥሩ ላይ ልጅቷን አቅፋ ወደቀች። ለማልቀስ የመጣ ሰው ደግሞ እንባው ተመልሶ አይገባም፤ ሁሉም አለቀሰ፣ እህት ሩትም፣ እኔም። ጋሽ ቶላ እየተጎተተ መጣና፣ «እኔ ምን አጠፋሁ? የሺ ያለችኝን ነው!» ብሎ ሲምል አንዷ ሳቀች፣ ሳቁም እንደ ለቅሶው ተዛመተ።

አቶ መንገሻ ብቻ አልሳቀም። እንባውን በጋቢው ጠረገና፣ «ይህን የመሰለ ሟርት! እቃው ይመለስ፣ ድስቱን አንሱ!» አለ። ሰዎቹ ድስቱን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እህት ሩት ቀስ ብላ ፊቱ ቆመች። «አቶ መንገሻ» አለችው፣ «ልጅቷ ሞተች ብለው ያመጡትን ድስት፣ በሕይወት አለች ብለው ይመልሱታል?» አቶ መንገሻ ድስቱን አየ፣ ሚሚን አየ፣ ሰማዩንም አየ። «አስቀምጡት» አለ። «ለቅሶ ሲኖር ግን ታጥቦ ይመለሳል» ብሎ ጨመረ። ስንዴውና አተሩ አብሮ መጥቶ ስለነበር የልጆቹ የመጀመሪያ ምሳ የለቅሶ ንፍሮ ሆነ። በሳምንቱ አዳራሹ ለልጁ ብዛት ጠበበ። ጋሽ ቶላም ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ጉዳይ ሲለፍፍ፣ «ማንም አልሞተም!» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

ቅዳሜ ለታ ሄድኩ። አዳራሹ ሴራሚክ ተነጥፎለታል፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተስሏል፤ አጥሩ ብረት ሆኗል፣ በሩ ግን ዛሬም ቀን አይቆለፍም። ለበዓሉ ያቀረቡት ንፍሮ ነው። ብርቄ ከፊት ወንበር ነጭ በነጭ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ እንደኔው ጥጥ ሆኗል። ማይኩን ሰጡኝ። የጋሽ ቶላን ጡሩምባ፣ የአቶ መንገሻን ድስት አወራሁ፤ ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁና ቁልፉን አሳየሁ። «የብርቄን ቤት በር የሰበረ ሰው የለም» አልኩ። «ቁልፉ ለወራት እኔ ዘንድ ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ እየሰማሁ አልከፈትኩም። እናቷ በእድሩ ፊት ስትወቀስም አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ጎበዝ አትበሉኝ።»

ብርቄ ተነሳች። እንደ ልማዷ ልትወጣ ነው መሰለኝ። ሚሚም ልትይዛት ተነሳች። ብርቄ ግን ቀስ እያለች ወደኔ መጣች። «ቁልፉን አይደለም የተቀየምኩሽ» አለችኝ። «እሳት ካልሆነ አትክፈቺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያን እሁድ አጠገቤ ተቀምጠሽ ዝም ያልሽኝን ነው። ዛሬ ትናገር፣ ነገ ትናገር እያልኩ እዚህ ሰፈር አረጀሁ።» «ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ያው ሌላ ቃል የለም። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋችልኝ፤ ልክ ልጇ ከበሩ ስር ትዘረጋው እንደነበረው። ቁልፉን አስቀመጥኩላት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ክንዴን ያዘችኝ። «ነይ» አለችኝ፣ «አጠገቤ ተቀመጪ።»